በባሕር መካከል የሚነድ ተራራ
ከቩልካኖ እስከ ስትሮምቦሊ

ከሲሲልያ ደሴት በስተ ሰሜን፣ ቲሬንያ በሚባለው ባሕር ውስጥ፣ ሰባት ትንንሽ ደሴቶች ይገኛሉ። ስማቸውም ቩልካኖ፣ ሊፓሪ፣ ሳሊና፣ ፓናሬያ፣ ስትሮምቦሊ፣ ፊሊኩዲና አሊኩዲ ይባላል። የጥንት ግሪኮች በአፈ ታሪካቸው የነፋሳት ሹም ያሉት ኤዎሎስ በዚህ ይኖራል ብለው ያምኑ ስለ ነበረ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በጠቅላላው የኤዎሎስ ደሴቶች ተብለው ይጠራሉ። ሰባቱም ከባሕሩ ወለል በእሳተ ገሞራ ተሠርተው የወጡ ተራሮች ናቸው፤ መንገደኛው የሚያየው ጫፋቸውን ብቻ ነው። ስትሮምቦሊ ከውኃው በላይ ቁመቷ 924 ሜትር ሲሆን፣ እግሯ ግን ከውኃው በታች 2000 ሜትር ያህል ይወርዳል።

አንባቢው እንዳይሳሳት፣ የአገራችን ወር ካልተጠራ በቀር፣ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

እኔና በሮማ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ወደነዚህ ደሴቶች የተጓዝነው በጳጉሜን ወር 2017 ዓ.ም. ነበር። መነሻው በሲሲልያ ጠረፍ የሚገኘው የሚላጾ ወደብ ነው። ከዚያ የሚያመላልሱት መርከቦች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው መኪናና ዕቃ ጭኖ በዝግታ የሚሄደው ትልቁ መርከብ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከሥሩ ክንፍ መሰል ብረት ተገጥሞለት ከውኃው ብድግ እያለ የሚሮጠው ነው። ሯጩ ጊዜ ይቈጥባል፤ ነገር ግን ተሳፋሪውን እንደ ዕቃ በሣጥን ዘግቶ የሚያደርስ ስለ ሆነ፣ ባሕሩን ለማየት ለመጣ ሰው ዝግተኛው ይሻላል ባይ ነኝ። የአክስቴ ልጅ ግን ባሕር ስለሚያስታውከው በዚህ አሳብ ፈጽሞ አይስማማም።

መጀመሪያ የሚደረሰው ቩልካኖ ነው። መርከቡ ገና ወደቡን ሳይነካ የዲን ሽታ ይቀበላል። ሮማውያን የእሳት አምላክ ብለው ያመልኩት የነበረው ጣዖት አንጥረኛ ነው፣ የብረት መቀጥቀጫ ምድጃውም በዚህ ተራራ ሥር ነው ይሉ ነበርና፣ ደሴቲቱን በስሙ ጠሯት። አውሮፓውያንም በዓለም ላይ ያለውን የሚነድ ተራራ ሁሉ የሚጠሩበት ቃል ከዚች ትንሽ ደሴት የተወሰደ ነው። እኛ ቃሉን ያገኘነው ከአንጥረኛ ምድጃ ሳይሆን ከኦሪት ዘፍጥረት፣ ከገሞራ ከተማ ነው። አንድን ነገር እያዩ ሕዝቦች ምን ምን እንደ ትዝ እንዳላቸው ከስሙ ይታወቃል።

የቩልካኖ ትልቁ አፍ 391 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ለመውጣት አንድ ሰዓት ያህል ይበቃል። በከንፈሩ ዙሪያ ጢስ ከስንጥቁ እየተነፈሰ፣ ድንጋዩ በቢጫ ዲን ተለብጦ ይታያል። ተራራው ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው ከ1888 እስከ 1890 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዘመን ከስኮትላንድ የመጣ አንድ ባለጸጋ የደሴቲቱን መሬት ገዝቶ ዲንና ሌላ ማዕድን ያስወጣበት ነበር፤ ፍንዳታው ሲጀምር ሥራውን ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ተራራው ተኝቷል ቢባልም፣ በ2021 ዓ.ም. መጨረሻ የሚያወጣው መርዛም አየር በመብዛቱ በወደቡ አጠገብ ያሉ ሰዎች ሌሊት በቤታቸው እንዳያድሩ ታዝዘው ነበር። መርዛሙ አየር ከሚተነፈሰው አየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይተኛል፤ እንቅልፍ የያዘውን ሰው የሚያሰጋውም ስለዚህ ነው።

ሊፓሪ የደሴቶቹ ታላቅ እኅት ናት። ከባሕሩ ላይ በቆመው ዐለት ላይ አምባ ተሠርቶባታል፤ በአምባውም ውስጥ በሐዋርያው በቅዱስ በርተሎሜዎስ ስም የተሰየመው ዋናው ቤተ ክርስቲያን አለ። የስንክሳራችን አንባቢ ይህን ሐዋርያ በመስከረም 1 ቀን ያውቀዋል፤ ገዳዮቹ አሸዋ በተሞላ የጠጕር ከረጢት ከትተው ወደ ባሕር እንደ ጣሉት ይነበባል። የሊፓሪ ሰዎች ደግሞ ሥጋው ያረፈበት ሣጥን ከምሥራቅ በባሕር ላይ ተንሳፎ ወደ ደሴታቸው እንደ መጣ ከአባቶቻቸው ተቀብለዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው የቱር ጳጳስ ጎርጎርዮስም ዐፅሙ በሊፓሪ እንደሚገኝ ጽፏል። በዘጠነኛው መቶ ዓመት የዐረብ ዘራፊዎች ደሴቲቱን ከያዙ በኋላ ግን ዐፅሙ ቤኔቬንቶ ወደምትባለው ከተማ ተወሰደ። የሊፓሪ ሕዝብ ክብረ በዓሉን ኦገስት 24 ቀን፣ ማለት ነሐሴ 18፣ ያከብራል። የእነርሱና የእኛ ትረካ በብዙ ነገር ይለያያል፤ በሁለቱም ውስጥ ግን ሐዋርያው ለባሕር ተሰጥቷል።

በአምባው ያለው ቤተ መዘክር የሚያሳየው ዋና ነገር ባልጩት ነው። ጥቁር ብርሌ የሚመስለው ይህ ድንጋይ በሊፓሪ በብዛት ስለሚገኝ፣ ብረት ከመታወቁ በፊት፣ በሺህ በሚቈጠሩ ዓመታት አስቀድሞ፣ ሰዎች በጀልባ እየጫኑ እስከ ሩቅ አገር ይነግዱበት ነበር። በደቡብ አገራችን ቆዳ ፋቂዎች በባልጩት ሲሠሩ ላየ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ሌላው የደሴቲቱ ሀብት በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ነጩ ቀላል ድንጋይ ነበር፤ የተቈፈረበት ተራራ ከሩቅ በረዶ የወረደበት ይመስላል። ደሴቶቹ በ2000 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ በኋላ ቍፋሮው ቆሟል።

የሊፓሪ አምባ ክፉ ታሪክም አለው። የፋሺስት መንግሥት ተቃዋሚዎቹን በዚህ ያግዝ ነበር፤ ከእነርሱም ካርሎ ሮሴሊ፣ ኤሚልዮ ሉሱና ፋውስቶ ኒቲ በ1929 ዓ.ም. በሞተር ጀልባ አምልጠዋል። ሰውን በደሴት ማሰር ለዚያ መንግሥት የተለመደ ዘዴ ስለ ነበረ፣ የእኛም አርበኛ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በዚሁ ባሕር ውስጥ ወደ ሰሜን ርቃ በምትገኘው በፖንዛ ደሴት ለዓመታት ታስረው ኖረዋል። በ1943 ዓ.ም. ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ፣ እርሱንም ለጥቂት ቀናት ወደዚያችው ወደ ፖንዛ ወሰዱት።

ስለ ሳሊና የምጽፈው ጥቂት ነው፤ ለምለም ናት፣ ወይን ታበቅላለች፣ ከእሾሃማ ቍጥቋጦ የሚለቀመውን የካፐሪ እምቡጥ በጨው እያሸች ለገበያ ታወጣለች። ዕለቱ ረቡዕ ስለ ነበረ ያለ ዓሣና ያለ አይብ ምሳ ስጡን ብንል፣ በዳቦ ላይ ቲማቲምና ይህንኑ እምቡጥ አድርገው የወይራ ዘይት አፍስሰው አቀረቡልን፤ እንዲህ ያለ የጾም ምግብ በሌላ ስፍራ በልቼ አላውቅም። ፓናሬያ የሀብታሞች ማረፊያ ሆናለችና አልወረድንባትም። የመኪና መንገድ የሌላትን፣ ዕቃ ሁሉ በበቅሎ የሚጓጓዝባትን አሊኩዲን ሳናይ መቅረታችን ግን ይቈጨኛል።

ስትሮምቦሊ ከሁሉ ርቃ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ብቻዋን ቆማለች። ስሟ ክብ ከሚል የግሪክ ቃል የወጣ ነው። ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ጀምሮ ሳታቋርጥ ስለምትነድ መርከበኞች የሜዲቴራንያን ፋና ብለው ሰየሟት፤ የጥንት ሰዎችም የጢሷን አካሄድ እያዩ የሚመጣውን ነፋስ ይተነብዩ ነበር። በግብረ ሐዋርያት ምዕራፍ 28 ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ከመልጣ ተነሥቶ በሰራኩስና በሬጊዩም አልፎ፣ በደቡብ ነፋስ በሁለተኛው ቀን ፑቲዮሉስ እንደ ደረሰ ተጽፏል። ካርታ ዘርግቶ መንገዱን በጣቱ የሚከተል ሰው ስትሮምቦሊን በስተ ግራ፣ ከጕዞው መሥመር እምብዛም ሳትርቅ ያገኛታል። ቅዱስ ሉቃስ ስለ ተራራው ምንም አልጻፈም፤ የመርከቡ ሰዎች ግን ሌሊት ቢያልፉ እሳቱን፣ ቀን ቢያልፉ ጢሱን ሳያዩ ቀርተዋል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

የመንደሩ ቤቶች ነጫጭ፣ የባሕሩ ዳር አሸዋ ግን እንደ ከሰል ጥቁር ነው። መንገዶቹ ጠባብ ስለ ሆኑ የሚሄድባቸው ባለ ሦስት እግር ትንሽ መኪና፣ በአገራችን ባጃጅ የምንለው ዓይነት ነው። የመንገድ መብራት የለም፤ ሕዝቡም አይፈልገውም፤ ሌሊት በእጅ ባትሪ ይሄዳል። በክረምት የሚቀረው ሰው 500 ያህል ብቻ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ከወይን እርሻና ከመርከብ ሥራ በሚያገኘው ይኖር ነበር። በመቶ ዓመቱ መጨረሻ ተባይ ወይኑን ሲያጠፋው ብዙዎቹ ወደ አሜሪካና ወደ አውስትራልያ ተሰደዱ። ደሴቲቱን እንደገና ያስታወቃት ሮቤርቶ ሮሴሊኒ በ1949 ዓ.ም. ከኢንግሪድ በርግማን ጋር በዚያ የሠራው ፊልም ነው።

ያረፍንባቸው ቤት ባለቤት ዕድሜያቸው ከሰማንያ የሚያልፍ ባልቴት ነበሩ። ተራራውን በስሙ አይጠሩትም፤ የደሴቲቱ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ በሲሲልያ ቋንቋ “ኢዱ” ይሉታል፤ “እርሱ” ማለት ነው። በመጀመሪያው ምሽት የቤቱ መስኮት በድንገት ሲንቀጠቀጥ እኛ ብድግ አልን፤ እርሳቸው የያዙትን የባቄላ ልጣጭ እንኳ ከእጃቸው አላስቀመጡም።

“እማማ፣ አይፈሩትም?” አልኋቸው፤ የአክስቴ ልጅም ወደ ቋንቋቸው መለሰልኝ።

“ልጄ፣ ሲናገር አልፈራውም፤ ዝም ሲል ነው እንቅልፍ የማይወስደኝ” አሉኝ።

ነገሩ የባልቴት አባባል ብቻ አይደለም። ተራራው ዘወትር በትንሽ በትንሹ የሚተነፍሰው በሆዱ ያለውን አየር ነው። ለቤት እመቤቶች ለማስረዳት ከሽሮ ድስት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሽሮ በዝግታ ሲንተከተክ አየሩ ከሥር ይሰበሰባል፤ ትልቅ አረፋ ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊቱ ላይ ሲደርስ ጧ ብሎ ይፈነዳና ዙሪያውን ይረጫል። በስትሮምቦሊም የቀለጠው ዐለት ቀጠን ያለ ስለ ሆነ አረፋው በየአሥርና በየሃያ ደቂቃው እየወጣ ይፈነዳል። የመሬት ሊቃውንት በዓለም ላይ ይህን የመሰለውን ፍንዳታ ሁሉ በዚህች ደሴት ስም ይጠሩታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከጥልቁ ብዙ አየር ያዘለ ትኩስ ነገር በድንገት ይነሣል፤ ያን ጊዜ ተራራው የሚያደርገው ከዕለት ልማዱ ጋር አይመሳሰልም።

እንዲህ ያለው ነገር በ1930 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን ሆነ። ትላልቅ ቋጥኞች በመንደሮቹ ላይ ወደቁ፤ የጋለ አመድ እንደ ጎርፍ ወረደ፤ ሰዎችም ሞቱ። ቀኑን ወደ እኛ አቈጣጠር ስመልሰው መስከረም 1 ቀን 1923 ዓ.ም.፣ የቅዱስ በርተሎሜዎስ በዓል ሆኖ አገኘሁት። ይህን የምጽፈው ትርጕም ልሰጠው ሳይሆን፣ ስላገኘሁት ብቻ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ዲሴምበር 30 ቀን ደግሞ የተራራው ጐን ተንዶ ወደ ባሕር ገባ፤ ባሕሩም ተነሥቶ ከፍታው በአንዳንድ ስፍራ 10 ሜትር የደረሰ ማዕበል በጠረፉ ላይ ወጣ። ወሩ ዲሴምበር ባይሆንና የባሕሩ ዳር በበጋ እንግዶች የተሞላ ቢሆን ኖሮ ስንት ሰው እንደሚያልቅ ማሰብ ያስፈራል። ባልቴቷ በዚያ ቀን የወጥ ቤታቸው በር ከነመቃኑ እንደ ተወሰደ፣ እርሳቸውም ከብዙው ሕዝብ ጋር ደሴቲቱን ለቀው ለሳምንታት ሊፓሪ እንደ ተቀመጡ ነገሩን። ዛሬ በባሕሩ ውስጥ ማዕበልን የሚለኩ መሣሪያዎች፣ በመንደሩም ውስጥ የማስጠንቀቂያ ጩኸት የሚያሰሙ መሣሪያዎች ተተክለዋል። በየመንገዱም ጩኸቱ ሲሰማ ወደ ከፍታ የሚያመራ ቀስት ተሥሏል።

በ2019 ዓ.ም. ጁላይ 3 ቀን ተራራው ያለ በቂ ማስጠንቀቂያ በኃይል ፈንድቶ አንድ መንገደኛ ገደለ፤ በኦገስት 28 ደግሞ ደገመ። ከዚያ በፊት እንግዶች በመሪ እየተመሩ እስከ ጫፉ ድረስ ይወጡ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ተከለከለ፤ የሚፈቀደው ከፍታም እንደ ተራራው ጠባይ ከፍና ዝቅ ይላል። በ2022 ዓ.ም. ሜይ ወር ግን ሕዝቡን የጐዳው ተራራው አልነበረም። የፊልም ቀረጻ በሚደረግበት ስፍራ የተነሣ እሳት የተራራውን ቍጥቋጦ አቃጠለው፤ በኦገስት ዝናብ ሲጥል አፈሩን የሚይዝ ሥር ስላልነበረ፣ ጭቃና ድንጋይ በመንደሩ ላይ ወረደ። ባልቴቷ ስለዚህ ሲናገሩ ብቻ ድምፃቸው ከፍ አለ። “እርሱ ከሚያደርገው ጋር ኖረናል፤ ይህን ግን ሰው አደረገው” አሉ።

ጳጉሜን 5 ቀን፣ ማለት በዐውደ ዓመት ዋዜማ፣ ፀሐይ ሊጠልቅ ሲል፣ የእሳት ሸርተቴ ወደሚባለው ገደል የሚያሳየውን መንገድ ይዘን 290 ሜትር ከፍታ ድረስ ወጣን። ገደሉ የተራራው ሰሜን ምዕራብ ጐን ከጥንት ተንዶ የተፈጠረ ሲሆን፣ አፉ የሚተፋው ፍም ሁሉ በዚያ እየተንከባለለ ወደ ባሕር ይወርዳል። መንደሮቹ በሌላው ጐን በመሆናቸው ነው ሰው መኖር የቻለው።

ከሃያ የሚበልጡ እንግዶች ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። ሰማዩ ጠቈረ፤ ምንም የለም። ከዚያ በጫፉ ላይ ያለው ጢስ ከሥሩ ቀላ፤ ወዲያው የእሳት ዘንግ ቀጥ ብሎ ወጣ፤ ከላይ ተበታትኖ ፍንጥርጣሪው እንደ ደመራ ብልጭታ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ድምፁ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ እንደ መድፍ ሳይሆን፣ ትልቅ እንስሳ በረጅሙ እንደሚተነፍስ ያለ ነበር። ቀጥሎ ድንጋዮቹ በገደሉ ላይ ሲንኳኩ፣ በመጨረሻም ባሕሩ ሲያቃጥላቸው ተሰማ። ማንም አላጨበጨበም። ከእኛ ጀርባ የነበረ አንድ ሕፃን ብቻ ወደ አባቱ ዞሮ አንድ ቃል ጠየቀ፤ አባቱም መልስ አልሰጠውም።

በሰዓቴ ስቈጥር ሁለተኛው ከ14 ደቂቃ፣ ሦስተኛው ከ6፣ አራተኛው ከ22 ደቂቃ በኋላ መጣ። ሰው ልክ አለው ብሎ ሲያስብ ልኩን ይለውጣል። በሁለተኛው ላይ የአክስቴ ልጅ የስልኩን ፎቶ ማንሻ አወጣ፤ በሦስተኛው ላይ ወደ ኪሱ መለሰው። ፎቶው የሚያሳየው በጥቁር ላይ ቀይ ነጥብ ብቻ ነበር። በአራተኛውና በአምስተኛው መካከል የምጠብቀው ምን እንደ ሆነ አሰብሁ። የበለጠ ትልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ ነበር፤ ከታች ደግሞ መብራት የሌላቸው መንገዶችና ባልቴቷ የተኙበት ቤት ነበሩ። የተመልካችና የነዋሪ ምኞት በዚያ ተራራ ላይ ፈጽሞ አንድ ሊሆን አይችልም። እንግዳ ባይመጣ መንደሩ የሚበላው ያጣል፤ እንግዳው የሚመጣበት ነገር ቢበረታ ደግሞ መንደሩ ይጠፋል።

ወደ አገራችን ከተመለስሁ በኋላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በአፋር ምድር፣ በኤርታ አሌ አጠገብ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። ከዚያ በፊት መፈንዳቱ በታሪክ አልተመዘገበም ነበር። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ፣ በየመን ላይ አልፎ እስከ ሕንድ አገር ደረሰ፤ አውሮፕላኖችም ጕዞአቸውን ሰረዙ። የውጭ አገር ጋዜጦች ስለ አውሮፕላኖቹ በሰፊው ጻፉ። በአካባቢው ስላሉት አርብቶ አደሮች፣ የግጦሽ ሣራቸው በአመድ ስለ ተሸፈነባቸው፣ የጻፉት ከዚያ ያነሰ ነው።

በዚያ ሳምንት የአክስቴ ልጅ ከሮማ ስልክ ደወለልኝ። ባልቴቷ ዜናውን በቴሌቪዥን አይተው ፈልገውት ነበር። የጠየቁት ስለ አመዱ ከፍታ ወይም ስለ አውሮፕላኖቹ አይደለም፤ “ሰዎቹን የሚያወጣ መርከብ አላቸውን?” ብለው ነው። በዚያ ባሕር እንደሌለ፣ ሰዎቹ ፍየሎቻቸውንና ግመሎቻቸውን እየነዱ በእግራቸው እንደሚሄዱ ነገራቸው። ጥቂት ዝም አሉና፣ “እንግዲያስ ለፍየሎቹ ውኃ ማን ያመጣላቸዋል?” አሉት። በስትሮምቦሊ የመጠጥ ውኃ የሚመጣው በመርከብ ነው።